ሰሚ ያገኘ ድምፅ

ተማሪ ከተማሪ ጋራ ተቀምጦ ስለ ዘፈን ባወጋ ቁጥር የጥላሁን ገሠሠ ስም ሳይነሣ አይቀርም። ስሙ በተነሣ ቁጥርም አንድ የተለመደ ፍርድ ይከተላል፤ ይኸውም «ተሰጥዎ ያለው ሰው የትም ቢወለድ ራሱን በራሱ ያወጣል» የሚል ነው። አባባሉ ለጆሮ ያምራል፤ ለሰነፍም ለባለጠጋም ይመቻል። ሰነፉ «እኔማ ሳልታደል ቀርቼ ነው» ብሎ ይቀመጥበታል። ባለጠጋውም ማንንም የመደገፍ ዕዳ ስለማይጥልበት ደስ ብሎት ይቀበለዋል። እኛ ግን የዚህን ሰው ታሪክ ከልጅነቱ ጀምረን ብንመለከተው ያገኘነው የዚህን ፍርድ ተቃራኒ ስለ ሆነ፣ አሳባችንን ለአንባቢ ለማቅረብ ወደድን።

ጥላሁን መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቢወለድም የተማረው በወሊሶ ነው። ወሊሶ በጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ልጁ በአያቱ ቤት ሆኖ በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ይማር ነበር። የዘፈን ፍቅር ያደረበትም በዚያ ነው። አያቱ ግን ይህን አልወደዱለትም። በዚያ ዘመን ዘፋኝ መሆን አዝማሪ መባል ነበረና፣ አዝማሪ የሚለው ቃልም የሙያ ስም ከመሆኑ ይልቅ ስድብነቱ ይበዛ ስለ ነበረ፣ አንድ የቤተ ሰብ ኃላፊ ይህን ቢቃወም የሚያስደንቅ አይደለም።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ያለ የገጠር ከተማ ልጅ ምን ተስፋ ነበረው? ተስፋው ሦስት ሰሚዎች ማግኘቱ ነው። አንደኛው ከሱዳን የመጡት የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ሚስተር ሸዳድ ናቸው። እኚህ ሰው ልጁ ከሒሳብና ከሰዋስው ይልቅ በዜማ መማረኩን አይተው በአለንጋ አልመለሱትም፤ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ዕድሉን እንዲሞክር መከሩት እንጂ። ሁለተኛው የአገር ፍቅር ቲያትር ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ማኅበር ተጫዋቾቹን ይዞ ወደ ክፍለ ሀገር ይወጣ ነበርና፣ እነ ንጋቷ ከልካይና እነ አቶ ኢዮኤል ዮሐንስ ወሊሶ ድረስ ወርደው በዚያው ትምህርት ቤት ተጫወቱ። ልጁም ለአቶ ኢዮኤል የልቡን ነገራቸው፤ እሳቸውም «ይህን ሥራ ከፈለግህ አዲስ አበባ ና» አሉት። ሦስተኛው ሰሚ በዚያው በአዲስ አበባ የጠበቀው የአገር ፍቅር በር ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ጥላሁን ከአያቱ ተደብቆ በእግሩ ጉዞ ጀመረ፤ ቱሉ ቦሎ ሲደርስ ተያዘ፤ ዘመድ ቤት አድሮ ወደ ወሊሶ ተመለሰ። ወሊሶ የቆየው ግን አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ዳግመኛ ተነሥቶ በጭነት መኪና ላይ ተሸሽጎ አዲስ አበባ ገባ። ታሪኩን የሚያወሩልን ሰዎች ጭነት መኪናው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ድፍረቱ ያስደስታልና። ነገር ግን በጭነት መኪና ተሸሽጎ አዲስ አበባ የገባ ልጅ እሱ ብቻ ነበርን? ከእሱ በፊትም ከእሱም በኋላ በዚያው መንገድ ስንቱ ገብቶ ተሸካሚና ሊስትሮ ሆኖ ቀርቷል! ጥላሁንን ከእነዚያ የለየው መኪናው አይደለም። መኪናው ካወረደው በኋላ «ና» ብሎ የጠራው፣ ደመወዝ ቆርጦ የቀጠረው ቤት መኖሩ ነው።

ደመወዝ የሚለውን ቃል አንባቢ አቅልሎ እንዳያየው እንለምናለን። ጥላሁን ከአገር ፍቅር ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሲዛወር ያገኘው ጭብጨባ ብቻ አልነበረም። የወር ገቢ፣ የልምምድ ሰዓት፣ ኖታ የሚያነቡ ሙዚቀኞች፣ እንደ ሳህሌ ደጋጎ ያሉ የዜማ ደራሲዎችም አገኘ። ከሐረር የመጣችው ብዙነሽ በቀለም የታወቀችው በዚሁ ኦርኬስትራ ነው። የመርካቶው ልጅ ማሕሙድ አሕመድም ጫማ ሲጠርግ አድጎ፣ በአሪዞና ክበብ በተራ ሥራ ተቀጥሮ ሳለ፣ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች እዚያ በሚጫወቱበት ጊዜ ዘፋኝ በጎደለ ሌሊት «እኔ ልሞክር» ብሎ መድረክ ላይ ወጣ። ድፍረቱ የእሱ ነው። መድረኩ ግን አስቀድሞ በዚያ የተዘረጋ ነበር። ዘፋኝ በጎደለ ጊዜ መድረክም ባይኖር ኖሮ ማሕሙድ ድምፁን ለማን ያሰማ ነበር?

ይህን ስንል ያ ዘመን ገነት ነበር ማለታችን እንዳልሆነ ይታወቅልን። ያሳደገው ቤት የቤተ መንግሥትና የሠራዊት ቤት ስለ ነበረ ዋጋም ያስከፍል ነበር። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በከሸፈ ጊዜ፣ የኦርኬስትራው ዘፋኝ ጥላሁንም ታሥሮ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ሸክላ የማሳተም መብትም በሕግ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ስለ ነበረ፣ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ያን ክልከላ ደፍሮ የራሱን ሸክላ ማሳተም እስኪጀምር ድረስ፣ በር ከፋቹ ቤት ራሱ ሌላ በር ዘግቶ ይኖር ነበር ማለት ነው። ስለዚህ የምንመኘው የዚያን ዘመን ጌቶች አይደለም። የምንመኘው ከጌቶቹ ሥራ መካከል ጠቃሚ የነበረውን፣ ማለት ወደ ገጠር ወርዶ ማዳመጥንና ያዳመጡትን ቀጥሮ ማሠልጠንን ነው።

ነገሩ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ እንዳይመስል ወደ ውጭም እንመልከት። አሜሪካኖች ካንትሪ የሚሉት የባላገር ዘፈን አላቸው። በዚህ ዘፈን ከታወቁት አንዷ ዶሊ ፓርተን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1946 በቴነሲ ተራሮች መካከል ከድኻ ገበሬ ቤት ተወለደች፤ ዐሥራ ሁለት ልጆች ካሉበት ቤት ማለት ነው። በ1964 ሁለተኛ ደረጃን በጨረሰች ማግስት ወደ ናሽቪል ሄደች። አሜሪካኖችም እንደ እኛው «ራሷን በራሷ ያወጣች» ይሏታል። ነገር ግን ገና ልጅ ሳለች ያዘፈናት የአቅራቢያዋ ከተማ የራዲዮና የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነበረ። ናሽቪልም ከ1925 ጀምሮ የባላገር ዘፋኞችን በየሳምንቱ በራዲዮ የሚያሰማ ግራንድ ኦል ኦፕሪ የተባለ መድረክ ነበራት። ሴትየዋ ይህን የዘነጋች አትመስልም። በ1995 ለሕፃናት በየወሩ መጽሐፍ በነጻ የሚልክ ድርጅት መሥርታ፣ ድርጅቱ እስካሁን ከ200 ሚሊዮን በላይ መጻሕፍት አድሏል። በመሰላል የወጣ ሰው መሰላሉን ለሌላው ሲያቆም ማየት ደስ ያሰኛል።

አሁን ወደ ደጃችን እንመለስ። ከመካከላችን ብዙዎቹ የምንኖረው በንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። ከወሊሶ የሚመጣ መኪና ሰበታንና ዓለም ገናን አልፎ ወደ ከተማው ሲቃረብ ጀሞና ለቡ በስተ ቀኙ ይታዩታል። ጭነቱም ሰዉም ዛሬም በዚያው መንገድ ይገባል። በለቡ ፎቅ ላይ ስሚንቶ የሚያቀብለው የቀን ሠራተኛ፣ በጀሞ ታክሲ ላይ የሚጣራው ረዳት፣ በሳሪስ ሎተሪ የምታዞረው ልጅ፣ ሥራቸውን ሲሠሩ የሚያንጐራጕሩትን ያዳመጠ ሰው ድምፅ ከአገራችን እንዳልጠፋ ያውቃል። የጠፋው ሚስተር ሸዳድና አቶ ኢዮኤል ናቸው።

«ዛሬ እኮ ስልክ አለ፤ ማንም ዘፍኖ በአንድ ሌሊት ለዓለም ይሰማል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። መልሳችን ከሠፈራችን ስም ይጀምራል። ንፋስ ስልክ የተባለው፣ ሕዝቡ መልእክት ያለ ሽቦ በአየር ሲጓዝ አይቶ የቴሌግራፉን ጣቢያ በዚህ ስም ስለ ጠራው ነው። ያኔ የመንግሥት የነበረው የነፋስ ስልክ ዛሬ በየኪሳችን ገብቷል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ስልክ ያሰማል እንጂ አያሠለጥንም። የተሳሳተውን ቅኝት አያርምም፤ የወሩን የቤት ኪራይ አይከፍልም፤ «ነገም ለልምምድ ና» አይልም። ዛሬ በመቶ ሺሕ ሰው የታየው ልጅ ከነገ ወዲያ ስሙን የሚያስታውሰው ሲያጣ የምናየው ስለዚህ ነው።

የቴሌቪዥን ውድድሮችም እንደዚሁ ናቸው። ባላገሩ አይዶል በስሙ እንኳ ባላገሩን አክብሮ ተነሥቶ፣ እንደ መጀመሪያው አሸናፊ እንደ ዳዊት ጽጌ ያለ ዘፋኝ አስገኝቶልናልና ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም ውድድር በጠባዩ አንዱን ሸልሞ ሌላውን ወደ መጣበት የሚመልስ ነው። አገር ፍቅርና ክቡር ዘበኛ ግን ብዙዎችን አብረው ያሳድጉ ነበር። ከመቶ አንድ ንጉሥ መምረጥና ለመቶ ሰው ሥራ መስጠት አንድ አይደሉም።

እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ በዚህ መካከል ምን ድርሻ አለው? ጥላሁን በኋለኛው ዘመኑ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ተቀብሏል። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ባረፈ ጊዜም በመንግሥት ሥነ ሥርዓት በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ትምህርቱን ትቶ የኮበለለ ልጅ ካባ ለብሶ ዶክተር መባሉ ያኰራል፤ ቅር የሚለንም ነገር የለም። ጥያቄያችን ሌላ ነው። ያ ልጅ ዛሬ፣ በዚያው ዕድሜው፣ በዚያው ድምፁ ቢመጣ የትኛው የዩኒቨርሲቲ በር ይከፈትለት ይሆን? የዩኒቨርሲቲ በር የሚከፈተው በ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። በ2014 ዓ.ም. ይህን ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህሉ ብቻ እንደ ነበሩ ይታወሳል። የወሊሶው ልጅ ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ ይሆን ነበር ብሎ የሚምል ሰው ካለ ይቅረብ። ዝናን ማክበር ለማንም ቀላል ነው። ገና ዝና ያላገኘውን ለይቶ ማወቅ ግን የተማረ ሰው ሥራ ነው፤ ካልሆነማ መማራችን ከምን ላይ ይታወቃል?

ወቀሳ ብቻ ይዘን እንዳንቀር የሚከተለውን ለተማሪዎች ማኅበር እናቀርባለን። አንደኛ፣ የማኅበሩ አዳራሽ ቢያንስ በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተማሪ ላልሆነ ሰው ክፍት ይሁን። ከሳሪስም ከጀሞም ከሌላውም ሠፈር ድምፅ አለኝ፣ ክራር ወይም መሰንቆ እመታለሁ የሚል ሁሉ ይምጣ፤ እኛም ወንበር ሞልተን እናዳምጥ። ለዚህ አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ የበሩ ቁልፍና የሁለት ሰዓት ትዕግሥት ይበቃል። ሁለተኛ፣ ክረምት ሲመጣ ወደየአገራችን የምንበተን ሁሉ በተማርንበት ትምህርት ቤት ጎራ ብለን የሚዘፍነውን፣ የሚገጥመውን ልጅ እንጠይቅ። ድምፁን በስልካችን ቀድተን፣ ስሙን ጽፈን፣ ፈቃዱንም ጠይቀን እናምጣ። አገር ፍቅር በአውቶቡስ የሠራውን እኛ በየዓመቱ በምንሄድበት የትራንስፖርት ገንዘብ ልንሠራው እንችላለን። ሦስተኛ፣ ማኅበሩ ለሚመለከታቸው ክፍሎች ደብዳቤ ጽፎ፣ 12ኛ ክፍልን ላላለፉ ባለ ተሰጥዎዎች አጭር የሙዚቃ ሥልጠና በማታ እንዲከፈት ይጠይቅ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነውና አስተማሪም መሣሪያም ከባሕር ማዶ አናስመጣም።

ምናልባት «አገር ስንት ችግር እያለባት ስለ ዘፈን ታወራላችሁ?» የሚሉን ወንድሞችና እኅቶች ይኖራሉ። ስለ ዘፈን ብቻ ማውራታችን አይደለም። በጭነት መኪና የሚገባው ልጅ አንዱ ዘፋኝ ቢሆን ሌላው ሒሳብ ዐዋቂ፣ ሌላው ሠዓሊ፣ ሌላው መሐንዲስ ሊሆን ይችላል። ዘፋኙ ቢያንስ ይጮኻል፤ ሌሎቹ ድምፅ እንኳ የላቸውም። የሚጮኸውን ያልሰማ ጆሮ ዝም ያለውን እንዴት ሊሰማ ነው?

ድምፅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው ይባላል፤ እሺ፣ ይሁን። ሰሚ ግን ከሰማይ አይወርድም። ርእሰ መምህሩም፣ ተውኔት ደራሲውም፣ በር ከፍቶ ደመወዝ የቆረጠውም ሰዎች ነበሩ፤ የሠሩትም ሥራ ከማናችንም አቅም በላይ አልነበረም። የመጀመሪያው ቅዳሜ መቼ እንደሚሆን የማኅበሩ ሥራ አስፈጻሚ በሚቀጥለው እትም ቢያሳውቀን፣ ወንበር በመደርደሩ በኩል ፈቃደኞች መሆናችንን ከአሁኑ እናስታውቃለን።