የአባይን ኃይል ማን ቀድሞ ማዳበሪያ አደረገው?

ግብጽ ናት። አስዋን ያለው ኪማ የተባለ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ በግድቡ ኤሌክትሪክ ውኃ እየሰነጠቀ ሃይድሮጅን ያወጣ፣ ከሃይድሮጅኑም ማዳበሪያ ይሠራ ነበር። ወደ ተፈጥሮ ጋዝ የዞረው በቅርብ ዓመታት ነው። እኛ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሕዳሴን አስመርቀን፣ ማዳበሪያ ግን ዛሬም ከጅቡቲ ወደብ እንጠብቃለን። ጎዴ ላይ የታቀደው ፋብሪካም በጋዝ የሚሠራ ነው።

«በውኃስ ለምን አይሆንም?» ስንል መልሱ ያው ነው፦ «ውድ ነው!»

እሺ፣ ውድ ያደረገው ምኑ ነው? አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ለማውጣት ቢያንስ 39 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። የዛሬ ማሽኖች ግን 50 እና ከዚያ በላይ ይበላሉ። ትርፉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ብክነቱን ከሚቀንሱት ዋነኛው ካታሊስት ነው፤ ኤሌክትሮዱ ላይ የሚለበጥ፣ ምላሹን የሚያፋጥን ስስ ሽፋን። አንዱ የማሽን ዓይነት ፕላቲኒየምና ኢሪዲየም ይጠይቃል። ኢሪዲየም በዓለም ዙሪያ በዓመት ከ10 ቶን በታች ነው የሚመረተው። አልካላይን የሚባለው ማሽን ግን በኒኬልና በብረት ይሠራል። ኒኬሉ ውስጥ ጥቂት ብረት ሲገባ፣ ኦክስጅን የሚወጣበት ዳተኛው ወገን ይነቃል። ርካሹ ነገር ይህ ነው!

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ቶን አሞንያ 178 ኪሎ ያህል ሃይድሮጅን ይፈልጋል። ከየኪሎው 5 ኪሎዋት ሰዓት ብናድን፣ በቶን 890 ኪሎዋት ሰዓት ተረፈን ማለት ነው።

«ገና መብራት ያልገባለት ገበሬ እያለ ይህ ቅንጦት አይደለም?» የሚል አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ያው ገበሬ ማዳበሪያም ይፈልጋል። ደግሞስ ኤሌክትሪኩን ለቢትኮይን ማሽኖች ስንሸጥ ገበሬውን ማን አስታወሰው? ኃይል ብርቅ ከሆነ፣ ኃይል የሚቆጥብ ካታሊስት ቅንጦት ሳይሆን ግዴታ ነው።

አቃቂ ቃሊቲን እዩልን። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ክፍለ ከተማ ነው። ብረት የሚያቀልጠውና መለዋወጫ የሚሠራው ፋብሪካም እዚሁ ነው። ከአገራችን ቀደምት የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ፣ አባ ሳሙኤል፣ የተሠራው በዚሁ በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው። እና ምን ጎደለ? ዩኒቨርሲቲውንና ፋብሪካውን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ በጀት። የምንጠይቀው ግዙፍ ፋብሪካ አይደለም፤ ኒኬል የሚለብጥ፣ ሺህ ሰዓት ያለማቋረጥ የሚፈትን አንድ አነስተኛ የሙከራ መስመር ነው።

ካልሆነ ነገ ማሽኑንም እንደ ማዳበሪያው ከጅቡቲ ወደብ እንጠብቃለን። መጠበቁንማ ለምደነዋል!