የቀፊራዋ አማት

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከሳቢያን ነው። ጸሐፊው የ26 ዓመት ወጣት ነው። ከፍቅረኛው ጋር ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ሽማግሌ ሊልክ ተሰናድቷል። ጣጣው ለቤተሰቦቹ «እናቷ ትልቅ ሱቅ አላቸው» ብሎ መዋሸቱ ነው። ሴትየዋ ግን ቀፊራ ገበያ ማዳበሪያ አንጥፈው በርበሬና ቅመም ነው የሚሸጡት። «ልጅቷን ብተዋት ይሻለኛል?» ይለናል።

አቦ! ቅመም መሸጥ ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው?

ወንድሜ፣ ይቺ የምትኮራባት ድሬ ራሷ የገበያ ልጅ ናት። የጅቡቲው ባቡር የሐረርን ተራራ መውጣት ቢከብደው በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ። ከተማዋም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር። ፈረንሳዮቹ ከዚራን በቀጥ ያለ መንገድና በዛፍ ጥላ ሲያሳምሩ ከደቻቱ ማዶ መጋላ በንግድ ደራች። ቀፊራም እዚያው ናት። ቅስት በሮቿን አልፈህ ስትገባ ኦሮምኛው፣ ሶማሊኛው፣ ሐረሪኛው፣ አማርኛው ባንድ መደብ ላይ ሲደባለቅ ትሰማለህ። ሴትየዋ በስንት ቋንቋ እንደሚከራከሩ እስቲ ሄደህ ቁጠር! እኔና አንተ በአንዱም ተከራክረን አናሸንፋቸውም።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ፈጀ፣ ስንቱንም ባዶ እጁን አስቀረ። አሮጌው የአዲስ አበባ ባቡርም በኋላ ቀጥ አለ። የቀፊራ ሴቶች ግን ማዳበሪያቸውን ያነጥፋሉ።

ሆላንድ አገር አልክማር የምትባል ከተማ አለች። በሞቃቱ ወራት አርብ አርብ የአይብ ገበያዋን ታሳያለች። ነጭ የለበሱ ተሸካሚዎች አይቡን በቃሬዛ ይዘው ሲሮጡ፣ ሻጭና ገዥ መዳፍ እያጋጩ ሲደራደሩ ለማየት ቱሪስቱ ካሜራውን ይዞ ይጎርፋል። የኛዎቹ የሶማሌ ግመል ነጋዴዎች በጨርቅ ሥር ጣት ተያይዘው ዋጋ ሲቆርጡ ግን ማን ዞር ብሎ ያያል?

ወደ ጉዳይህ ልመለስ። ልጅቷ ይህን ውሸት ታውቃለች? ደብዳቤህ አይልም። ካላወቀች የምትሰማው ሽማግሌዎቹ እናቷን «ባለሱቋ» ብለው ሲጠሩ ነው። ያን ቀን አንተን አያድርገኝ! ዛሬውኑ ለሷ ንገራት፣ ነገ ለእናትህ። ከዚያ እናትህን ለድግሱ በርበሬ ግዥ ቀፊራ ውሰዳት። (እኛ ድሬዎች «አንቱ» ባናበዛም ለአማት ግን አትሰስት።) እናትህ «መርቂልኝ» ማለቷ አይቀርም፣ ሴትየዋም ዝም አይሉም። ሁለቱ ዋጋ ላይ ሲገጥሙ አንተ መሀል እንዳትገባ።