ቀልድ ጕድጓድ ይደፍናልን?

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ



ባገራችን የጥንት ነገሥታት የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። እረኛ ከከብቶቹ ኋላ ሆኖ የሚያንጐራጕረው ግጥም ላይ ላዩን ሲሰሙት ጨዋታ ነው፤ ውስጡ ግን ስለ ዳኛው፣ ስለ ግብሩና ስለ ጭቃ ሹሙ የሚናገር ነበርና። አዝማሪውም በማሲንቆው እንዲሁ ያደርግ ነበር። ዛሬ እረኛው ኮረብታውን ትቶ ወደ እጅ ስልክ ገብቷል። በቴሌግራምና በፌስቡክ ተሰብስቦ ሹሙን በሥዕልና በአጭር ቃል የሚሸነቍጥ ወጣት በየአገሩ ሞልቷል። እኔም ከነዚሁ አንዱ ነኝ።

ታዲያ እንዲህ እየሣቀ የሚተች ሰው አንዳች ነገር ይለውጣልን? ወይስ ንዴቱን በሣቅ አብርዶ ወደ ቤቱ ይገባል? አባቴ የዚህን ጽሑፍ ረቂቅ ባነበበ ጊዜ «ልጄ፣ ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» አለኝ። አባቴ ይህን ያለው ፈሪ ስለ ሆነ ሳይሆን ብዙ ስላየ ነውና ቃሉን አልንቅም። ነገር ግን እኔ የምጽፈው ስለ አንድ ጕድጓድ ነው፤ ጕድጓድም ከሩቅ ሆነው የሚሸሹት ነገር አይደለም፤ በየቀኑ በአጠገቡ እናልፋለንና።

ከትምህርት ቤታችን በር ወደ ወፍጮ ቤቱ ሲወርዱ በመንገዱ ዳር አንድ የፍሳሽ ጕድጓድ አለ። ክዳኑን ሌባ ይውሰደው ወይም መኪና ይስበረው አላውቅም፤ ከመስከረም ጀምሮ ግን አፉን እንደ ከፈተ ነበር። ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት በተነገረው ጊዜ «ተመዝግቧል» አለ። እኛ የክፍል ጓደኞች በቴሌግራም አንድ የጋራ መወያያ አለንና ወዲያው ስም አወጣንለት፤ «የሰፈሩ መዋኛ ገንዳ» አልነው። አንዱ ፎቶግራፉን አንሥቶ ባለሥልጣን ሪባን ሲቈርጥ የሚያሳይ ምስል ለጠፈበት። ወር በሞላው ጊዜ ልደቱን አከበርንለት፤ ሻማም በምስል አበራንለት። ከሁሉ ይልቅ የተወደደውን ቀልድ የጻፍሁት እኔ ነበርሁ፤ ሌሎች ክፍሎችም ተቀባበሉት። እጅግ ኰራሁ።

በኅዳር ወር አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ሳለ ዳቦ ተልኮ የሚመለስ የ9 ዓመት ልጅ ገባበትና ክንዱ ተሰበረ። ዳቦውን አልለቀቀም ነበር አሉ። ያን ሌሊት መልእክቶቻችንን ወደ ኋላ እየመለስሁ አነበብሁ። ስለዚያ ጕድጓድ ሁለት ወር ሙሉ ስንሥቅ ከመካከላችን አንድ የዛፍ ቅርንጫፍ እንኳ ያጋደመበት ሰው አልነበረም። «ወሬ ቢበዛ ባህያ አይጫንም» የሚባለው ለካ ለኛ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው በሌላው ዓለም ቀልደኞች እንዴት እንደሚሠሩ በርትቼ ማንበብ የጀመርሁት። በዚሁም ሳለሁ በሀንጋሪ አገር ካለው ከባለሁለት ጅራት ውሻ ፓርቲ ጋር ተገናኘሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ይህ ማኅበር በ2006 በሴገድ ከተማ በጥቂት ወጣቶች የተጀመረ ፌዝ ነበር። በግድግዳ ላይና በኢንተርኔት በሚያወጡት ማስታወቂያ ለመራጩ የዘላለም ሕይወት፣ ነፃ ቢራና በቀን ሁለት ጊዜ የምትጠልቅ ፀሐይ እንሰጣለን ብለው ቃል ይገቡ ነበር። በ2014 ሕጋዊ ፓርቲ ሆነው ተመዘገቡ።

በ2015 የዚያን ጊዜው የሀንጋሪ መንግሥት በየመንገዱ ትልልቅ ሰሌዳ አቆመ። ጽሑፉ ስደተኛውን «ወደ ሀንጋሪ ከመጣህ የሀንጋሪዎችን ሥራ አትውሰድ» የሚል ነበር። የሚያስገርመው ግን የተጻፈው በሀንጋሪ ቋንቋ መሆኑ ነው። ከጦርነት ሸሽቶ የመጣው ሶርያዊ ይህን ቋንቋ ከየት ያውቀዋል? እንግዲህ ሰሌዳው የሚናገረው ለስደተኛው ሳይሆን ለድምፅ ሰጪው ነበር ማለት ነው። ውሾቹ (እነሱ ራሳቸውን በዚህ ስም ስለ ጠሩ ብደግመው ነውር አይሆንብኝም) በኢንተርኔት ገንዘብ ለመኑ። ከ30 ሚሊዮን ፎሪንት በላይ ተዋጣላቸውና የራሳቸውን ሰሌዳ አቆሙ። በአንዱ ላይ «ወደ ሀንጋሪ በደኅና ኑ፤ እኛ እንደ ሆነ በእንግሊዝ አገር ሥራ ይዘናል» የሚል ጻፉ። ከነርሱ ወገን ብዙ ወጣት ለሥራ ወደ ምዕራብ አውሮፓ ይሄዳልና ቀልዱ የሚወጋው ራሳቸውንም ጭምር ነው። ልጁ ባሕር ተሻግሮ ያለበት ወላጅ ከአንባቢያን መካከል አይጠፋምና ይህን ለማስረዳት አልደክምም።

በኦክቶበር 2016 መንግሥቱ ስለ ስደተኞች ድልድል ሕዝበ ውሳኔ ባደረገ ጊዜ ደግሞ ውሾቹ ድምፅ መስጫውን ወረቀት አበላሹት እያሉ ሰበኩ። ከ220 ሺህ በላይ የተበላሸ ወረቀት ተገኘ፤ ዋጋ ያለው ድምፅ የሰጠውም ሕዝብ ከግማሽ በታች ስለ ሆነ ውሳኔው ሳይጸና ቀረ። ይህን ሁሉ ውሻው ብቻውን አደረገው ብል ግን ዋሸሁ፤ ከቤቱ ሳይወጣ የቀረው ሕዝብ ወረቀቱን ካበላሸው እጅግ ይበልጥ ነበርና።

የሆነ ሆኖ ልቤን የነካው ሰሌዳው አይደለም። እነዚሁ ሰዎች ብሩሽና ሲሚንቶ ይዘው ወጥተው የተሰነጣጠቀውን የእግረኛ መንገድ በልዩ ልዩ ቀለም ቀቡት፤ የተሰበረ የአውቶቡስ መጠበቂያ ጠገኑ። ቀለሙ ራሱ ሽሙጥ ነው፤ የሚያልፍ ሁሉ «ይህን ማን ሠራው? ሊሠራው የሚገባውስ ማን ነበር?» ብሎ መጠየቁ አይቀርምና። በ2018 ምርጫ ከመቶ 1 በላይ ድምፅ ስላገኙ ከመንግሥት የፓርቲ ድጎማ ተሰጣቸው፤ ከዚያም ገንዘብ እያካፈሉ አግዳሚ ወንበርና የመሳሰለውን ለሚሠሩ የሰፈር ሰዎች ሰጡ። በ2024 የቡዳፔስት 12ኛ ክፍለ ከተማ ሕዝብ ከመሥራቾቻቸው አንዱን ገርገይ ኮቫችን ከንቲባ አድርጎ መረጠው። ከዚያ በኋላ ክፍት ጕድጓድ ቢገኝ የሚሣቀው በርሱ ነው፤ ይገባዋልም።

የሚነቅፏቸው አልጠፉም። በ2022 ምርጫ ከመቶ 3 ያህል ድምፅ ብቻ አግኝተው ፓርላማ ሳይገቡ ቀሩ፤ ፓርላማ ለመግባት 5 ያስፈልግ ነበርና። የተቃዋሚውን ድምፅ ከፋፍላችሁ መንግሥትን ጠቀማችሁ ተብለዋል። ነቀፋው ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን የጠገኑትን መንገድ ተመልሶ አያፈርሰውም።

ከዚህ ጋር የግብጽን ነገር ላስተያይ። ባሴም ዩሱፍ የልብ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነበረ። በ2011 ሙባረክ ከሥልጣን በወረዱ ጊዜ ከቤቱ ሆኖ በዩቲዩብ ሹመኞችንና ጋዜጠኞችን መቀለድ ጀመረ፤ ሚሊዮኖች አዩት፤ ቴሌቪዥንም ወሰደው። በ2013 ፕሬዚዳንት ሙርሲን ሰደብህ ተብሎ በዐቃቤ ሕግ ተመረመረ። ሙርሲ ወርደው ሌሎች በመጡም ጊዜ አልዳነም፤ በ2014 ፕሮግራሙ ተዘጋ፤ እርሱም አገሩን ለቆ ወጣ። ድፍረቱ ከውሾቹ ይበልጣል እላለሁ፤ የቆመበት ስፍራ እጅግ የከፋ ነበርና። ነገር ግን ሚሊዮኑ ሕዝብ ተመልካች፣ ተናጋሪው አንድ አፍ ነበረ፤ ያ አፍ ሲዘጋ ሁሉም ጸጥ አለ። እኛም በክፍላችን 40 ሆነን ተመልካቾች ነበርን፤ ያውም ማንም አፋችንን ሳይዘጋው።

ልጁ በወደቀ በሳምንቱ ቅዳሜ ጧት ስምንት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን አንድ ቆርቆሮ ቢጫ ቀለም ገዛን። በጕድጓዱ ዙሪያ ሰፊ ክብ ቀባን፤ በአራት ማዕዘን እንጨት ተክለን ቀይ ጨርቅ አሰርንበት። ከዚያም በሰሌዳ ላይ «መዋኛ ገንዳ። መግቢያ በነፃ፤ መውጫ በአምቡላንስ» ብለን ጻፍን። ፎቶግራፉን ከማመልከቻ ጋር አድርገን ለመሥሪያ ቤቱ አስገባን፤ በቴሌግራምም ለቀቅነው። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት መጀመሪያ «እናንተ ዱርዬዎች!» ብለው ተቈጡን፤ በኋላ ግን ባለ እጀታ መብራታቸውን በምሽት እዚያ ላይ ይሰቅሉት ጀመር። የልጁ እናትም መጥተው ሰሌዳውን አነበቡ። አልሣቁም። እኔም በዚያን ሰዓት ቀልዱ ለማን እንደ ሆነ በደንብ አስቤ ብጽፈው ኖሮ ብዬ ተጸጸትሁ።

በ19ኛው ቀን ሁለት ሠራተኞች በጋሪ የሲሚንቶ ክዳን አምጥተው ገጠሙት። በቀልዱ ይሁን፣ በማመልከቻው ይሁን፣ ወይም የልጁ አባት በየቀኑ እየተመላለሱ ስለ ጮኹ ይሁን ለይቼ መናገር አልችልም፤ አባትየው የበለጠ የሠሩ ይመስለኛል። ሠራተኞቹ ሰሌዳችንን ነቅለው ሲወስዱ አንደኛው አንብቦ ሣቀና በጋሪው ላይ ቀና አድርጎ አቆመው።

የቢጫው ክብ አሁንም ይታያል። የተረፈው ግማሽ ቆርቆሮ ቀለም በእናቴ አልጋ ሥር ነው፤ እስኪደርቅ ልታቆየው እንደማትችል ነግራኛለች። ከወፍጮ ቤቱ በታች ደግሞ ሁለተኛ ጕድጓድ አለ፤ እስካሁን ስም አላወጣንለትም፤ ቅርንጫፍ ግን አጋድመንበታል።