ጂኒ ነው ወይስ ድንቁርና?

ልጅህ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ ሰውን በዓይኑ የማያይ፣ አፉን ያልፈታ፣ እጁን የሚያርገበግብ፣ የለመደው ነገር ሲቀየር የሚጮህ ቢሆን ምን ትላለህ? እነዚህ የኦቲዝም ምልክቶች ናቸው። ከቦሌ እስከ ኮተቤ ግን ስንቱ ጎረቤት «ጂኒ ነው»፣ «እናቱ ምን ሠርታ ይሆን?» እያለ ይፈርዳል! ወላጅም ሐፍረት ይዞት፣ እንግዳ ሲመጣ ልጁን ጓዳ ይቆልፍበታል።

በእናት መፍረድን ምዕራባውያንም ሞክረውታል። ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጥፋቱን በወላጆች ፍቅር ማጣት ላይ ጣለ። በ1977 እ.ኤ.አ. ግን ፎልስታይንና ራተር 21 ጥንድ መንትዮችን አጥንተው የዘር ድርሻ እንዳለበት አሳዩ። ነገሩ የአንጎል እድገት ጉዳይ ነው፤ እናት ተወቃሽ አይደለችም!

ቁርኣን ይቀራለት፣ ዱዓም ይደረግለት፤ ይህ ግን ሐኪምንና መምህርን አይከለክልም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የልጃቸውን ሁኔታ አልደበቁም፤ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። እኛስ?

ሱረቱ ዐበሰ የወረደችው በዓይነ ስውሩ በዐብዱላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም ምክንያት ነው። ከዓይነ ስውር ፊትን ማዞር በቁርኣን ካስወቀሰ፣ በገዛ ልጅህ ላይ በር ብትቆልፍ ነገ በአላህ ፊት ምን ትመልሳለህ?