ወለዱ አልወርድም ሲል

አሜሪካ ውስጥ የክሬዲት ካርድ ዕዳ የከበደው ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ወለዱን ስለማስቀነስ ነው። ደግ አደረገ። ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ይደውላል፣ ክሬዲት ዩኒየን ሄዶ ይጠይቃል፣ ዕዳውን ለተወሰነ ጊዜ ያለ ወለድ ለሚያዛውርለት ሌላ ካርድ ያመለክታል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ክሬዲት ስኮርህ አልደረሰም» ወይም «ዕዳህ ከገቢህ አንጻር በዛ» ሲባል፣ ብዙ ሰው ነገሩን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ሚኒመሙን እየከፈለ የተሻለ ቀን ይጠብቃል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ጥበቃ ነው።

ምን እንደሚጠበቅ እንይ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከመጋቢት 2022 እስከ ሐምሌ 2023 ፌዴራል ሪዘርቭ ወለዱን 11 ጊዜ ሲጨምር፣ የካርዶችም ወለድ አብሮ ወጥቶ አማካዩ ከ20 በመቶ አለፈ። ዛሬ በዜና «ወለድ ተቀነሰ» ሲባል ልባችን ተስፋ ያደርጋል። ግማሽ በመቶ ቢቀነስ ግን የ24 በመቶው ካርድ 23 ተኩል ይሆናል፤ 6,000 ዶላር ላለበት ሰው ይህ በዓመት 30 ዶላር ነው። የምንኖርበት ስቴት ሕግም ብዙ አይታደገንም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 በሰጠው ውሳኔ መሠረት ብሔራዊ ባንኮች የሚያስከፍሉት ወለድ የሚዳኘው ባንኩ በተቀመጠበት ስቴት ሕግ ነው። ሳውዝ ዳኮታ የወለድ ጣሪያዋን ስታነሳ ሲቲባንክ የካርድ ሥራውን ወደዚያ ያዛወረው ለዚሁ ነው። በ2025 ሴናተር በርኒ ሳንደርስና ሴናተር ጆሽ ሃውሊ ጣሪያው 10 በመቶ ይሁን የሚል ረቂቅ ሕግ አቅርበዋል። ቢጸድቅ ደስታዬ ነው። የዚህ ወር ቢል ግን ኮንግረስን አይጠብቅም።

እንግዲህ ወለዱ በእጃችን ካልሆነ በእጃችን ያለው ምንድን ነው? የምንከፍለው መጠን ነው። መጠኑ ደግሞ ሰዎች ከሚገምቱት በላይ ጉልበት አለው።

ሚኒመም ብዙውን ጊዜ የወሩ ወለድና የዕዳው አንድ በመቶ ተደምሮ የሚመጣ ነው። 6,000 ዶላር በ24 በመቶ ያለበት ሰው በመጀመሪያው ወር 180 ዶላር ይጠየቃል፤ 120ው ወለድ ነው፣ 60ው ብቻ ዋናውን ይቀንሳል። ዕዳው ባነሰ ቁጥር ሚኒመሙም አብሮ ያንሳል፤ ሰውን የሚያዘናጋው ይህ ነው። ሚኒመሙ ከ35 ዶላር አይወርድም ብንል እንኳ፣ እሱን ብቻ እየተከተለ የሚከፍል ሰው ዕዳውን የሚጨርሰው ከ18 ዓመት በኋላ ነው። በወለድ ብቻ ከ10,000 ዶላር በላይ ይከፍላል። ይኸው ሰው የመጀመሪያውን 180 ዶላር ቆርጦ፣ ሚኒመሙ ቢወርድም እሱ ሳይቀንስ በየወሩ ቢከፍል፣ በ56 ወር ይገላገላል፤ ወለዱም 4,000 ገደማ ይሆናል። 300 ማድረግ ከቻለ 26 ወር ይበቃዋል፣ ወለዱም ወደ 1,740 ይወርዳል። ካርዱ ያው የ24 በመቶ ካርድ ነው። ማንም አልቀነሰለትም።

ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ አረጋውያንን እየተንከባከበች የምትኖር አንዲት እህት ስቴትመንቷን አሳይታኝ ነበር። በ2009 የወጣው ሕግ የሚያስገድደውን ሣጥን በጣቴ አሳየኋት። ሚኒመም ብቻ ቢከፈል ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ አጠገቡ ደግሞ በሦስት ዓመት ለመጨረስ በወር ስንት እንደሚያስፈልግ ተጽፏል። ለ6,000 ዶላሩ ዕዳ ይህ 235 ዶላር ገደማ ነው። ዝም ብላ ስታነበው ቆየችና «ወንድሜ፣ ይኼን ሁሉ ጊዜ ስከፍል የኖርኩት ለማን ነው?» አለችኝ። ስልኳን አወጣች። አውቶማቲክ ክፍያዋ «ሚኒመም ዱ» የሚለው ላይ ነበር፤ ወደ ቋሚ መጠን ቀየረችው። ከዚያ በኋላ ያደረገችው ይበልጥ ይጠቅማል፤ ካርዱን ከቦርሳዋ አውጥታ ቤት አስቀመጠችው።

ለምን ይጠቅማል? ሂሳቡን በየወሩ ሙሉ የሚከፍል ሰው ለገዛው ዕቃ ወለድ የማይቆጠርበት ፋታ አለው። ዕዳ ያሳደረ ሰው ይህን ፋታ ያጣል። ጠዋት የሞላው ቤንዚን፣ ማታ የገዛው እንጀራና ሥጋ ከዚያው ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጠርበታል። በአንድ ካርድ እየገዙ ያንኑ ካርድ ዕዳ መጨረስ እጅግ ከባድ ነው። ዕዳው እስኪያልቅ ወጪው ሁሉ በዴቢት ይሁን።

ሌላም ጉዳት አለ፤ እኛን በተለይ የሚነካ። አገር ቤት እናት ታማ ገንዘብ በአስቸኳይ ሲፈለግ ብዙዎቻችን በስልክ መተግበሪያ በክሬዲት ካርድ እንልካለን። ብዙ ባንኮች ይህን የሚቆጥሩት እንደ ዕቃ ግዢ ሳይሆን እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ነው። ለብቻው ክፍያ አለው፣ ወለዱም ከተራው ይበልጣል፣ የሚቆጠረውም ከላክንበት ቀን ጀምሮ ነው። እናትን መርዳት አይቀርም፤ ይቅር የሚልም የለም። ግን ከባንክ ሂሳብ ወይም በዴቢት ይላክ፤ እጅ ካጠረ ደግሞ ከወንድም ከእህት ጋር አዋጥቶ መላክ ይሻላል።

አሁን ወደ እቁብ ልምጣ። እዚህ አገር ወለድ የሌለው ብድር የሚገኝበት ቦታ ቢኖር እሱ ነው፤ ለዚህ ዕዳ ግን ስንጠቀምበት እምብዛም አላየሁም። 12 ሰዎች በየወሩ 500 ዶላር ቢጥሉ ዕጣው 6,000 ነው። በመጀመሪያው ወር የደረሰው ሰው ካርዱን በአንድ ቀን ዘግቶ ቀሪውን ዓመት ያለ ወለድ ለጓደኞቹ ይከፍላል። መጨረሻ ላይ የደረሰው ግን በዓመቱ ውስጥ ለባንኩ ከ1,200 ዶላር በላይ ወለድ ሊከፍል ይችላል። ልዩነቱ ተራው ነው። ተራ ደግሞ በንግግር ይለወጣል። ለሠርግ፣ ለሐዘን፣ ለቤት ቅድሚያ ክፍያ ዕጣውን የሚለቅ ሰው ሞልቷል። ለካርድ ዕዳ የማይለቅበት ምክንያት አይታየኝም፤ የማይለቀው ስላልተጠየቀ ነው። ዕዳችንን እንደ ነውር ደብቀን፣ ዋስ ከሚሆነን ሰው ጋር ቡና እየጠጣን እንኳ አናነሳውም። ለእቁቡ ዳኛ «ይህ ዕዳ አለብኝ፣ ቀደም ብዬ ልውሰድ» ማለት ምንም ውርደት የለበትም። ተራውን የሚለቅለት ያጣ ሰው በሚቀጥለው ዙር ከእቁቡ ወጥቶ 500ውን በየወሩ ካርዱ ላይ ቢያሳርፍ ይሻለዋል። ማኅበራዊ ኑሮ ነው፣ ቅር ያሰኛል፤ አውቃለሁ። 24 በመቶ እየከፈሉ ያለ ወለድ መቆጠብ ግን ቤተሰብን ይጎዳል።

«ዕዳህን በግማሽ እናስቀንሳለን» ብለው ከሚደውሉ ድርጅቶች መራቅ ነው። ሥራቸውን ሳይሠሩ በቅድሚያ ክፍያ መጠየቅን የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከ2010 ጀምሮ ከልክሏል፤ የተሰረዘው ዕዳም እንደ ገቢ ተቆጥሮ ታክስ ሊመጣበት ይችላል። ምክር የሚሻ ሰው ለትርፍ ያልተቋቋሙ የብድር አማካሪዎችን ይጠይቅ። ባንኩ ለግለሰቡ እምቢ ያለውን የወለድ ቅነሳ አንዳንዴ በእነሱ በኩል ይፈቅዳል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነው። የመጨረሻውን ሂሳብ ከፍለው ጨረስኩ ሲሉ፣ በሚቀጥለው ወር ጥቂት ዶላር ወለድ ተጽፎ ይመጣል። ስቴትመንቱ ከወጣበት እስከ ከፈሉበት ቀን የተቆጠረው ነው። ዝም ከተባለ የዘገየ ክፍያ ቅጣት ያስከትላል። ስለዚህ የመጨረሻውን ክፍያ ከመላክዎ በፊት ደውለው «ዛሬ ብከፍል ሙሉው ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ አውቶማቲክ ክፍያውንም ዜሮ የሚል ስቴትመንት እጅዎ እስኪገባ አያጥፉት።