ቶንሲሉ ዳነ፤ ልቡስ?

ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጆች በአንድ ክፍል ተጨናንቀው ስለሚውሉ የአንዱ ሕመም ለሌላው ይተርፋል። በዚህ ሰሞን በየቤቱ የሚሰማውም «ልጁን ቶንሲል ያዘው» የሚለው ነው። አንዷ እናት ሻይ በማር ታጠጣለች፤ ሌላዋ ባለፈው ጊዜ የተረፈውን አሞክሳሲሊን ከመሳቢያ ታወጣለች። በሦስተኛው ቀን ልጁ ሲሯሯጥ ሕመሙ ይረሳል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ በዚሁ ያበቃል፤ አንዳንዴ ግን አያበቃም።

አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም የሚመጣው በቫይረስ ነው። ንፍጥ፣ ሳልና የድምፅ መጎርነን ካሉበት ጉንፋን ሳይሆን አይቀርም። ለዚህ አንቲባዮቲክ አይጠቅምም። እረፍት፣ ብዙ ፈሳሽና በክብደቱ ልክ የሚሰጥ ፓራሲታሞል ይበቃዋል። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይስጡ፤ ለልጆች አስፕሪንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም።

ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው ግን ይለያል። በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ያጠቃል። ሳልና ንፍጥ ሳይኖር ድንገት ትኩሳት ይነሳል፤ ምራቅ መዋጥ ያማል፤ አንገት ላይ ንፍፊት ይወጣል፤ ቶንሲሉም ቀልቶ ነጭ ነገር ሊታይበት ይችላል። እነዚህን ምልክቶች ካዩ ሳይዘገዩ ልጅዎን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። በዓይን ብቻ በእርግጠኝነት መለየት ስለማይቻል ፍርዱን ለባለሙያው ይተዉት።

ይህን ያህል የምናሳስብዎት ስለ ጉሮሮው ብቻ አይደለም። ባክቴሪያው በአግባቡ ካልታከመ፣ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ሊያጠቃ ይችላል። ሩማቲክ ፊቨር የሚባለው ይህ ነው። በተደጋገመ ቁጥር የልብ ቫልቮች ይጠባሉ ወይም በደንብ መዝጋት ያቅታቸዋል። አንዳንዷ ልጅ ሕመሟ የሚታወቀው ካደገች በኋላ፣ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ሲያጥራት ወይም ስታረግዝ ነው። ያን ጊዜ መፍትሔው የልብ ቀዶ ሕክምና ሊሆን ይችላል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ባለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ተራ ከሚጠብቁት መካከል በዚሁ መንገድ የታመሙ አሉ።

ይህን ሁሉ የሚከላከለው ርካሽና የቆየ መድኃኒት ነው፤ ፔኒሲሊን። በአፍ የሚወሰደው ለ10 ቀናት ይሰጣል፤ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባለው መርፌ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ይወጋል። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀናት ውስጥ ከተጀመረ ልብን ከአደጋ ያድናል። ልጅዎ መድኃኒት የማይስማማው ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። «ተሽሎታል» ብለው በሦስተኛው ቀን አያቋርጡት፤ ለሌላ ጊዜም አያስቀሩት። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ለደም መፍሰስና ለኢንፌክሽን ያጋልጣል እንጂ ልብን አይጠብቅም።

ጉሮሮው ከዳነ በኋላም ለአንድ ወር ያህል ልጅዎን ልብ ብለው ይዩት። ጉልበቱን አሞት ሲሻለው ወደ ቁርጭምጭሚቱ ወይም ወደ ክርኑ የሚዞር እብጠትና ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የልብ በኃይል መምታት፣ ሳይፈልግ የሚወራጭ እጅና እግር ካለ «እድገት ነው» ብለው አይለፉት። በጊዜ ከተደረሰበት በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ የሚወጋ ፔኒሲሊን ሕመሙ እንዳይመለስ ያደርጋል። ይህን መርፌ የጀመረ ልጅ ካለዎት ደህና ቢመስልም ቀጠሮ አያሳልፉ።

መተንፈስ ከተቸገረ፣ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ከተዝረበረበ፣ አፉን መክፈት ካልቻለ ወይም አንገቱ ከደረቀ ግን ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ ሆስፒታል ያድርሱት።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለ? እዚህ ላይ ቅጠሉ አንድ መርፌ ወይም የ10 ቀን መድኃኒት ነው።