ሳይቃጠል በቅጠል፦ ማይክሮዌቭ ሲሸት ተጠያቂው ማነው?

አንዳንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴዎቻችን አንድ የተለመደ መልስ አላቸው። ገዢው «ማይክሮዌቩ የተቃጠለ ነገር ይሸታል» ብሎ ሲመለስ «መብራቱ ነው፤ እኛ ምን እናድርግ?» ይሉታል። የመብራቱ መዋዠቅ ዕቃ እንደሚያበላሽ አይካድም። ይሁን እንጂ ሽታ ሁሉ ከመብራት የመጣ አይደለም። ከፊሉ ነጋዴው ዕቃው ከሱቁ ሳይወጣ ሊያውቀው የሚችል ጉድለት ነው።

በመጀመሪያ ሽታውን እንለይ። የምግብ ወይም የቅባት ቃጠሎ የሚሸት ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። በምድጃው የውስጥ ግድግዳ ላይ እንደ ካርቶን የሳሳች ሽፋን አለች፤ ወጥና ዘይት ሲረጭባት ትከስላለች፣ ትፈነጥቃለችም። ዕቃውን ከሶኬት ነቅሎ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ነው፤ ከተቃጠለች ትለወጣለች እንጂ ተነቅላ አትጣልም። የወርቅ ቀለም ቅብ ያለው ሳህንም ብልጭታ ያመጣል። ጎማ፣ ፕላስቲክ ወይም ቫርኒሽ የሚሸት ከሆነ ግን ወዲያው ማጥፋትና ከሶኬት መንቀል ነው። ውስጡ ጭስ ከታየ በሩ አይከፈት፤ እሳት የሚበረታው አየር ሲያገኝ ነው። ጀርባውንም መፍታት የባለሙያ ሥራ ነው። በውስጡ ያለው ካፓሲተር ከ2,000 ቮልት በላይ ይዞ፣ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ሰው ሊገድል ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሶኬቱ ነው። አንድ የቤት ማይክሮዌቭ ከመስመሩ 1,200 ዋት ያህል ይስባል፤ በ220 ቮልት ከ5 አምፔር ይበልጣል። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ቢሆን 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ሁለቱን በአንድ ቀጭን ኤክስቴንሽን የሚያሠራ ቤት የሚሸተው ማይክሮዌቩ ሳይሆን ሽቦው ነው። መሰኪያው በእጅ ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ ምልክቱ ይኸው ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የገዢው ስለሆነ ነጋዴውን መውቀስ አይገባም።

ሦስተኛው ግን የሻጩና የደላላው ጉዳይ ነው። በአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በአሜሪካ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ምድጃ ገበያ ላይ ሲወጣ «ኮንቨርተር ጨምርበት፣ ይሠራል» ይባላል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ኮንቨርተሩ ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ከባድ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ሲሠራ ከልክ በላይ ይሞቃል፤ ማቀዝቀዣውም ዝግ ይላል። ምግቡን ያሞቃል፤ ውሎ አድሮ ግን መሽተት ይጀምራል። ሰዓታቸውን ከመስመሩ የሚቆጥሩት ምድጃዎች በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራሉ። ገዢው ሰዓቱ ተበላሸ ይላል እንጂ የዕቃው አገር ሌላ መሆኑን አይጠረጥርም።

ጉዳዩ በአሁኑ ወቅት የሚያሳስበው ለምንድን ነው? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ የገዛ ሰው «ተቃጠለ፣ ሌላ ልግዛ» የሚልበት ጊዜ አልፏል። ከመርካቶ ተጭኖ ዓባይ በረሃን አቋርጦ፣ በደጀን በኩል ቢቸና ወይም ሞጣ የደረሰ ዕቃ ደግሞ ሲበላሽ መልሶ ለመላክ የትራንስፖርቱ ወጪ ብቻውን ገዢውን ተስፋ ያስቆርጠዋል።

«እኔ አልሠራሁት፤ የሰጡኝን ነው የምሸጠው» የሚል ነጋዴ ይኖራል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ዋስ እንደሚሆን ይደነግጋል። «ገዢው ራሱ አቃጥሎ ይመልስብኛል» የሚለው ስጋት ግን ተገቢ ነው። መድኃኒቱም ገዢው ባለበት መፈተሽ ነው።

ይኸውም ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቃል። አንደኛ፣ ከዕቃው ጀርባ ያለችውን ሰሌዳ ለገዢው ማሳየት፤ 220 ወይም 230 ቮልትና 50 ኸርዝ የማይል ምድጃ ለቤት አገልግሎት አለመሸጥ። ሁለተኛ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ አስገብቶ ሁለት ደቂቃ ማሠራትና ማሽተት፤ ባዶውን ማሠራት ግን ዕቃውን ይጎዳል። ሦስተኛ፣ የተፈተሸበትን ቀንና የጋራንቲውን ጊዜ በደረሰኙ ላይ መጻፍ። ያገለገለ ዕቃ የሚያገናኝ ደላላም ኮሚሽኑን ከመቀበሉ በፊት ሰሌዳዋን ያንብብ።

ቢቸናና ሞጣ ሻጭና ገዢ በስም የሚተዋወቁባቸው፣ በለቅሶና በሠርግ የሚገናኙባቸው ከተሞች ናቸው። የአንድ ሰው ወጥ ቤት ሲቃጠል ዕቃውን የሸጠው ማን እንደሆነ ለማወቅ ምርመራ አያስፈልግም። ከአንድ ምድጃ የሚገኝ ትርፍ በአንድ ቀን ይቆጠራል፤ የጠፋ ስም ግን በማስታወቂያ አይመለስም። ስለዚህ ነጋዴው ሽታውን ገዢው ከማሽተቱ በፊት እሱ ራሱ ያሽትተው።